የኮረብታ ጉዞ ከመመለሻው ይታቀዳል
ጥበቃ በሚደረግላቸው አካባቢዎች ስለሚካሄድ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤

ዛሬ የምናገረው በገመድና በበረዶ መጥረቢያ ስለሚወጡ ታላላቅ ተራሮች አይደለም። ጠዋት ተነሥቶ፣ ጥበቃ በሚደረግለት አካባቢ የሚገኝ አንድ ኮረብታ ወጥቶ፣ ሳይመሽ ስለሚመለስ ተራ እግረኛ ነው። እንዲህ ያለው ጉዞ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ሳይታቀድ ይካሄዳል፤ ቢታቀድም ዕቅዱ ጫፉ ላይ ያበቃል። ስንት ሰዓት እንደምንነሣ፣ በየት በኩል እንደምንወጣ፣ ከላይ ሆነን ምን እንደምናይ አስቀድሞ ይወራል፤ በስንት ሰዓት መውረድ እንደምንጀምር ግን «እዚያው ስንደርስ እናየዋለን» ተብሎ ይተዋል። እኔ የምለው ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ነው። መጀመሪያ የሚወሰነው ብርሃን የሚያልቅበት ሰዓት ነው፤ ቀጥሎ ከኮረብታው ግርጌ መድረስ ያለብን ሰዓት፣ ከዚያም ጫፉን መልቀቅ ያለብን ሰዓት፣ በመጨረሻም የመነሻው ሰዓት ይወሰናል። የቀሩት ነገሮች፣ ማለትም ካርታው፣ የአየሩ ጠባይ፣ የአካባቢው ደንብ፣ የቡድኑ ሁኔታና የቦርሳው ይዘት፣ በዚህ የኋሊት ስሌት ውስጥ ቦታቸውን ይይዛሉ።

ስሌቱ ከጀንበር መጥለቅ ይጀምራል። በምድር ወገብ አካባቢ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ፈቀቅ አይልም፤ ይሁን እንጂ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ ቶሎ ስለሚሸሽ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድንጋዩን ከጥላው ለመለየት ያስቸግራል። ወደ 55 ዲግሪ ኬክሮስ ስንርቅ ድንግዝግዙ ይረዝማል፤ የቀኑ ርዝመት ግን በቀዝቃዛው ወቅት አጋማሽ ወደ 7 ሰዓት ገደማ ሲያጥር፣ በሞቃቱ ወቅት አጋማሽ ከ17 ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ በአንዱ ወር ተዝናንተው የሄዱበት መንገድ ከአምስት ወር በኋላ በዚያው ሰዓት ቢጀመር በጨለማ ሊያስገባ ይችላል። ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በአቆጣጠር ሠንጠረዥ ላይ የሚታየው የጀንበር መጥለቂያ ሰዓት ለሜዳማ አድማስ የተሰላ ነው፤ በኮረብታው ምሥራቃዊ ጎን የሚወርድ ሰው ግን ኮረብታው ራሱ ፀሐይዋን ስለሚጋርድበት፣ ሰማዩ ገና ብሩህ ሳለ እርሱ በጥላና በብርድ ውስጥ ይሄዳል።

ጉዞው ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ለመገመት ዛሬም የሚያገለግለውን ቀላል ቀመር የተወልን ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 በአንድ ቀን በርካታ ጫፎችን አዳርሶ 10 ማይል ርዝመትና 6,300 ጫማ አቀበት የነበረውን ጉዞ በስድስት ሰዓት ተኩል እንደ ጨረሰ ከመዘገበ በኋላ፣ ጊዜው ከአንድ ስሌት ጋር እንደሚገጥም ጻፈ፤ በካርታ ላይ ለሚለካ ለእያንዳንዱ 3 ማይል አንድ ሰዓት፣ በላዩም ለእያንዳንዱ 2,000 ጫማ አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት። ወደ ሜትር ሲመለስ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለየ100 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ተጨማሪ 10 ደቂቃ ማለት ነው። የቀመሩ ጥበብ ርቀትንና ከፍታን ለያይቶ መቁጠሩ ነው። «ኮረብታው ስድስት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው» የሚል ሰው የነገረን ግማሹን ብቻ ነው፤ 600 ሜትር የሚያስወጣ ስድስት ኪሎ ሜትርና ሜዳ ላይ የሚሄድ ስድስት ኪሎ ሜትር ሁለት የተለያዩ ቀኖች ናቸው።

ቀመሩ የሚገምተው ግን ልምድ ላለው፣ ቀለል ያለ ሸክም ለያዘና ለማረፍ ለማይቆም ሰው ነው። ቁልቁለቱንም እንደ ሜዳ ይቆጥረዋል። ይህን ያስተካከለው ኤሪክ ላንግሙር የተባለ ሌላ ተራራ ወጪ ሲሆን፣ ለስለስ ባለ ቁልቁለት ለየ300 ሜትሩ 10 ደቂቃ እንዲቀነስ፣ ቀጥ ባለ ቁልቁለት ግን ለየ300 ሜትሩ 10 ደቂቃ እንዲጨመር አመልክቷል። የመልክዓ ምድር ተመራማሪው ዋልዶ ቶብለር እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረበው ስሌትም ወደዚያው ይወስዳል፤ በእርሱ ስሌት ሰው ከሁሉ ፈጥኖ፣ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሚራመደው በ5 በመቶ በሚያዘቀዝቅ ቀላል ቁልቁለት ላይ ሲሆን፣ ቁልቁለቱ ከዚያ በላይ በጠነከረ ቁጥር ፍጥነቱ እንደገና ይወርዳል። «መውረዱስ ቀላል ነው» የሚለው አነጋገር እንግዲህ በከፊል ብቻ እውነት ነው። ስንወርድ የጭን ጡንቻዎቻችን እየተለጠጡ ክብደታችንን ይገታሉ፤ ይህ ዓይነቱ ሥራ ጡንቻን ከማንኛውም ይልቅ ያቆስላል፣ በማግሥቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅተንም በዚህ ምክንያት ነው። በደከመ ጡንቻ፣ በቀነሰ ትኩረትና በሚያዳልጥ ኮረት ላይ ስለሆነም ከመውጣት ይልቅ ሲወረድ መውደቅ ይበዛል።

በቁጥር እንየው። የመረጥነው ኮረብታ ለመውጣት 6 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱ 700 ሜትር ነው፤ መመለሻውም በዚያው መንገድ ነው እንበል። በኔይስሚዝ ስሌት መውጣቱ ለርቀቱ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፣ ለአቀበቱ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ በድምሩ 2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ይወስዳል። መውረዱ፣ ለጥንቃቄ ቁልቁለቱን ሁሉ ቀጥ ያለ ነው ብለን ብንቆጥረው፣ በላንግሙር ማስተካከያ ወደ 1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ይደርሳል። ልጆች፣ ጀማሪዎች ወይም ፎቶግራፍ ማንሣት የሚወዱ ሰዎች ላሉበት ቡድን ሁለቱንም በአንድ ተኩል ማባዛት ተገቢ ነው፤ መውጣቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ከሞላ በኋላ ጥቂት ደቂቃ፣ መውረዱ 2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ይሆናል። አሁን ወደ ኋላ እንቁጠር። ጀንበር ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል የምትጠልቅ ከሆነና ላልታሰበ ነገር ሁለት ሰዓት ካስቀረን፣ ግርጌ መድረስ ያለብን 10 ሰዓት ተኩል ነው፤ ጫፉን መልቀቅ ያለብን ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ጫፉ ላይ 45 ደቂቃ የምንቆይ ከሆነ ከረፋዱ 3 ሰዓት ከ40 በኋላ መነሣት አይፈቀድም። ይህ የመጨረሻው የመነሻ ገደብ እንጂ የተመረጠው ሰዓት አይደለም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የሚነሣው ቡድን በዚሁ ስሌት 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ጫፉ ላይ ይሆናል፣ ሙቀቱ ሳይበረታ መውረድ ይጀምራል፣ ከዚህ ቀጥሎ የማነሣውን የከሰዓት በኋላ ደመናም ከታች ሆኖ ያየዋል።

ሁለቱ የመጠባበቂያ ሰዓታት ለብዙዎች የተጋነኑ ይመስላሉ። አንድ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ቢወለም የቡድኑ ፍጥነት ወዲያው በግማሽ እንደሚቀንስ፣ የተጎዳውም ሰው በሁለት ሰዎች ትከሻ ተደግፎ እንደሚሄድ ያሰበ ግን ጊዜው በዛ አይልም።

ወደ ካርታው ስንመጣ፣ በ1፡25,000 ስኬል በተዘጋጀ ካርታ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር፣ በ1፡50,000 ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትርን ይወክላል። ለእግረኛ የመጀመሪያው ይመረጣል፤ አጥሮችንና ትንንሽ ጅረቶችን የሚያሳየው እርሱ ነውና። ከርቀቱ ይልቅ ግን ጊዜ ሰጥቶ ማንበብ የሚያስፈልገው የከፍታ መስመሮችን ነው። መስመሮቹ ሲቀራረቡ ዳገቱ ይጠናል፣ ሲራራቁ ይለዝባል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያስተውለው የመስመሮቹ አደራደር ስለ ዳገቱ ቅርጽ የሚናገረውን ነው። ከታች ተቀራርበው ከላይ የሚራራቁ ከሆነ ዳገቱ ወደ ውጭ ያበጠ ነው፤ እንዲህ ባለ ዳገት ላይ የሚወጣ ሰው እውነተኛውን ጫፍ ለረጅም ጊዜ አያየውም፣ «ደረስን» ባለ ቁጥር ሌላ ጫፍ ከፊቱ ይነሣል፤ በዚህ ተስፋ መቁረጥ ውስጥ ነው ሰዎች የመመለሻ ሰዓታቸውን የሚረሱት። ያው ዳገት ሲወረድ ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም ከላይ ያለው ረጋ ያለ መሬት ከታች ያለውን ቀጥ ያለ ክፍል ይሸፍነዋል፤ በጉም ውስጥ መንገዱን የሳተ ሰው ለስላሳ ነው ብሎ የጀመረው ቁልቁለት ገደል አፋፍ ላይ ሊያደርሰው ይችላል። በተጨማሪም በሁለት የከፍታ መስመሮች መካከል ያለው ልዩነት 20 ሜትር በሆነበት ካርታ ላይ የ15 ሜትር ገደል በመስመሮቹ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በካርታ ላይ አቋራጭ የሚመስል ነገር ሁሉ አቋራጭ ነው ብሎ መውሰድ አይገባም።

ስለ የእጅ ስልክ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። የስልኩ ጂፒኤስ የሚሠራው ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ስለሆነ ኔትወርክ በሌለበትም ያለንበትን ነጥብ ያሳያል፤ ነጥቡ ያረፈበት የካርታ ምስል ግን አስቀድሞ ካልወረደ ባዶ ገጽ ላይ የተቀመጠ ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ እናያለን። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፣ እርጥብ ጣት ገጹን አይታዘዝም፣ ስልኩ ከወደቀም ካርታውም፣ ሰዓቱም፣ መብራቱም፣ የእርዳታ ጥሪውም አብረው ይወድቃሉ። ስልኩን ተጠቀሙበት፤ የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ግን ከቦርሳው አይውጡ። ኮምፓሱን የሚጠቀም ሰው መግነጢሳዊው ሰሜን ከካርታው ሰሜን እንደሚለይ፣ ልዩነቱም ከቦታ ቦታና ከዓመት ዓመት እንደሚለዋወጥ ማወቅ አለበት፤ የ10 ዲግሪ ስሕተት በአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ ከታሰበው ቦታ ወደ 175 ሜትር ያርቃል፣ ያ ርቀት ደግሞ በጉም ውስጥ ድልድዩን አግኝቶ በመሻገርና ወንዙ ዳር ቆሞ በመቅረት መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በላይ የተነገረው ለማንኛውም ኮረብታ ይሆናል። ኮረብታው ጥበቃ በሚደረግለት አካባቢ ውስጥ ሲሆን ግን ዕቅዱ ሌላ ባለጉዳይ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1948 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እነዚህን አካባቢዎች በስድስት ምድቦች ይከፍላቸዋል፤ በአንደኛው ጫፍ ሰው ለምርምር ካልሆነ በቀር እምብዛም የማይገባባቸው ጥብቅ ክልሎች ሲኖሩ፣ አምስተኛው ምድብ ሰዎች የሚኖሩባቸውን፣ የሚያርሱባቸውንና ከብት የሚያግዱባቸውን መልክዓ ምድሮች ያቅፋል። «ፓርክ» የሚለው ስም ብቻውን እንግዲህ ምን እንደሚፈቀድ አይነግረንም። ከጉዞው በፊት የአስተዳደሩን መሥሪያ ቤት መጠየቅ የሚገባው ስለዚህ ነው፤ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ፣ አስጎብኚ ግዴታ ነው ወይ፣ የቡድን ብዛት ገደብ አለው ወይ፣ ውሻ፣ እሳትና ድሮን የተከለከሉ ናቸው ወይ፣ በመራቢያ ወቅት የተዘጋ መንገድ አለ ወይ። ከእነዚህ ሁሉ ግን በስሌታችን ላይ በቀጥታ የሚገባው በሩ የሚዘጋበት ሰዓት ነው። በሩ 11 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ከሆነ ለእኛ ጀንበር የጠለቀችው በ11 ሰዓት ነው፤ የኋሊት ቆጠራውም ከዚያ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የጊዜ ዕቅድና የተፈጥሮ ጥበቃ ሁለት የተለያዩ ርዕሶች ተደርገው ሲነገሩ ስለምሰማና በዚህ ስለማልስማማ ነው። በጥንቃቄ የተሠራ የኮረብታ መንገድ ጠመዝማዛ የሚሆነው ለእግረኛው ትንፋሽ ብቻ ታስቦ አይደለም። መንገዱ ዳገቱን በአግድም እየቆረጠ ሲሄድ የዝናብ ውሃ በላዩ ላይ ጉልበት ሳያገኝ ወደ ጎን ይፈስሳል። የዘገየ ቡድን ሲወርድ የሚያደርገው ምንድን ነው? ጠመዝማዛውን ትቶ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹ እግሮች ሣሩን ያስተኛሉ፤ ቀጣዮቹ ሥሩን ይገድላሉ፣ አፈሩንም ይጠቀጥቃሉ፤ የተጠቀጠቀ አፈር ውሃ ስለማይመጥ ዝናቡ ያንኑ ቀጥተኛ መሥመር ይዞ ይወርዳል፣ ቦዩንም ከዓመት ዓመት ያጠልቀዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ቦዩ ለሚቀጥለው እግረኛ መንገድ መስሎ መታየቱ ነው፤ ደንቡን ሊጥስ ያላሰበ ሰው እንኳ ይከተለዋል። በከፍታ ቦታ የሚበቅሉ ዕፀዋት፣ ቅዝቃዜው የዕድገት ጊዜያቸውን ስለሚያሳጥረው፣ የተጎዳ ቦታ ለመሸፈን እጅግ ረጅም ጊዜ ይፈጅባቸዋል። ሰዓቱን ያልጠበቀ ቡድን የሚከፍለው እንግዲህ ራሱ ብቻ አይደለም። በሰዓቱ የሚወርድ ሰው አቋራጭ አይፈልግም፤ ጊዜ ያለው ሰው ጠመዝማዛውን በሙሉ ይሄዳል።

እንስሳትም ከዚሁ ስሌት ውጭ አይደሉም። ብዙዎቹ የዱር አጥቢዎች በንጋትና በምሽት ድንግዝግዝ ለግጦሽ፣ ለአደንና ለውሃ ይወጣሉ፤ ዘግይቶ የሚወርደው ቡድን የሚያልፍባቸው ያኔ ነው። መሬት ላይ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች ሰው ወይም ውሻ ሲቀርብ ዕንቁላላቸውን ወይም ጫጩታቸውን ትተው ይነሣሉ፤ ወፏ ለመመለስ በፈራችባቸው ደቂቃዎች ውስጥ ዕንቁላሉ ይቀዘቅዛል፣ ወይም በአዳኝ ይወሰዳል። በመራቢያ ወቅት መንገዶች የሚዘጉት ለዚህ ሲሆን፣ የተዘጋውን መንገድ ቤት ሆኖ ያወቀ ሰው ሌላ ይመርጣል፤ በሩ ላይ ደርሶ ያወቀው ግን የማለፍ ፈተና ይገጥመዋል። ጭቃም እንዲሁ ነው። ሰዎች ጫማቸው እንዳይቆሽሽ በጎን በጎን ሲሄዱ አንድ ሜትር የነበረው መንገድ ይሰፋል፤ ውሃ የሚቋቋም ጫማ አድርጎ መሀል ለመሀል መሄድ ለመሬቱ የተሻለ ነው። ሽንት ቤት በሌለበት ቦታ መጸዳዳት ግድ ከሆነ ከውሃና ከመንገድ ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ መሸፈን፣ ወረቀቱን ግን በፌስታል ይዞ መመለስ ያስፈልጋል። የከብት አጥር በር ተዘግቶ ካገኛችሁት ዘግታችሁ፣ ተከፍቶ ካገኛችሁት እንደተከፈተ ትታችሁ እለፉ፤ ገበሬው ለምን እንደዚያ እንዳደረገው እርሱ ያውቃል።

ወደ አየሩ ጠባይ ልመለስ። የትንበያው ዜና ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ከታች ስላለው ከተማ ነው። አየር በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚቀዘቅዝ፣ በምሳሌያችን ኮረብታ ጫፍ ላይ ያለው ሙቀት ከግርጌው በ4 ወይም በ5 ዲግሪ ያንሳል። ነፋሱ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር በሰውነት ላይ የሚያሳርፈው ግፊት በአራት እጥፍ ይጨምራል፤ ሸንተረር ላይ ሲወጣም ከታች ከነበረው ይበረታል። ሰውነት በላብ ወይም በዝናብ ከራሰ በኋላ ነፋስ ሲያገኘው ሙቀቱን በፍጥነት ያጣል፤ የውስጥ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሃይፖተርሚያ የሚባለው አደጋ ይጀምራል። ለዚህ በረዶ አያስፈልግም፤ ዝናብና ነፋስ ከተገናኙ ከዜሮ ዲግሪ በብዙ በሚበልጥ ሙቀትም ይደርሳል። ምልክቶቹ መንቀጥቀጥ፣ መደናቀፍ፣ የአንደበት መተሳሰርና ነገርን አለማመዛዘን ናቸው። የመጨረሻው በተለይ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም «ደኅና ነኝ፣ እንቀጥል» የሚለው ራሱ በሽተኛው ነው። ጥጥ ልብስ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ አይመከርም፤ ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሻላል።

ሞቃት ወቅት በሆነባቸው ተራራማ ቦታዎችና በሐሩር ክልሎች ጠዋት ጥርት ያለው ሰማይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ማምጣቱ የተለመደ ነው። ፀሐይ ያሞቀችው እርጥብ አየር በዳገቱ ላይ ሽቅብ እየወጣ ይቀዘቅዛል፣ ይደምናል፤ ደመናው ወደ ላይ እየተቆለለ ከሄደ በኋላ መብረቅ ይከተላል። ቀድሞ መነሣት የሚመከረው ስለዚህ ነው። ብልጭታውን አይቶ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ መቁጠር ርቀቱን ያሳያል፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ቆጠራው 30 ሰከንድ ካልሞላ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ስላለ ከጫፉና ከሸንተረሩ መውረድ ይገባል፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ላይ መመለስ የለም። ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ከሜዳው ይልቅ ያስፈራል። ትንበያው ይህን አስቀድሞ የሚያሳይ ከሆነ ኮረብታውን ለሌላ ቀን አቆይቶ በሸለቆው ውስጥ የሚሄድ አጠር ያለ መንገድ መውሰድ ይቻላል፤ ግን ይህ ሁለተኛ መንገድ በዋዜማው ካርታ ላይ ተሠምሮ ካላደረ፣ በማግሥቱ ጠዋት ለብሶና ታጥቆ የተነሣ ሰው ከላይኛው ሌላ መንገድ አይታየውም።

አሁን ከሁሉ ከባዱ ጉዳይ ጋ ደርሰናል፤ እርሱም የተወሰነውን የመመለሻ ሰዓት ማክበር ነው። በምሳሌያችን 8 ሰዓት ብለናል። 8 ሰዓት ሲሞላ ጫፉ 20 ደቂቃ ይቀረዋል፣ ሰማዩ ጥሩ ነው፣ ሁሉም ሰው ለዚህ ቀን ሲዘጋጅ ከርሟል። እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ መወሰን ፈጽሞ አይቻልም ማለት ይቀርባል፤ ጫፉ ያጓጓል፣ ድካሙ ይናገራል፣ ማንም የሌላውን ደስታ የሚያበላሸው ሰው መሆን አይፈልግም። ስለዚህ ውሳኔው የሚደረገው እቤት፣ ማንም ሳይደክምና ሳይጓጓ ነው። ሰዓቱ በወረቀት ይጻፋል፣ ለሁሉም ይነገራል፣ ሰዓቱ ሲደርስ «እንመለስ» የሚለው ሰው ማን እንደሆነም በስም ይታወቃል። እኔ የምመርጠው ይህ ሰው ከቡድኑ ፈጣኑ እንዳይሆን ነው፤ ፈጣኑ ሁልጊዜ 20 ደቂቃ ሲል የራሱን 20 ደቂቃ ያስባል። መሀል ላይ ሌላ መቆጣጠሪያ ነጥብ ማድረግም ይጠቅማል፦ ግማሹን መንገድ ለመውጣት ከታሰበው ጊዜ በላይ 45 ደቂቃ ከባከነ፣ የቀረው ግማሽ ያንን አይመልሰውም፤ ሰው ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየፈጠነ አይሄድምና።

የቡድኑ ፍጥነት የዝግተኛው ሰው ፍጥነት ነው፤ ይህ ሁሉም የሚስማማበት፣ ጥቂቶች ግን የሚፈጽሙት ነገር ነው። የተለመደው አካሄድ ፈጣኖቹ ቀድመው ሄደው አረፍ ማለት፣ የኋለኛው ሲደርስ ደግሞ «መጣ፣ እንሂድ» ብሎ መነሣት ነው። በዚህ አሠራር ዕረፍት የሚያስፈልገው አንዱ ሰው ብቻ ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ ይውላል። መድኃኒቱ ዕረፍቱ የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠ በኋላ መቆጠር እንዲጀምር ማድረግ ነው። ሲወጣ ሳይቆራረጥ ማውራት በሚቻልበት ፍጥነት መሄድም ጥሩ መመዘኛ ነው፤ ወሬው ከተቋረጠ ፍጥነቱ በዝቷል።

ስለ ቦርሳው አጭር ነገር ብቻ እላለሁ፣ ምክንያቱም ስለ ዕቃ የሚወራው ከሚገባው በላይ ነው። በመካከለኛ አየር ለአንድ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ መገመት ይቻላል፤ በሙቀት ይጨምራል። በካርታ ላይ የሚታይ ምንጭ በደረቅ ወቅት ላይኖር ስለሚችል ውሃው ከቤት ይያዛል። ምግቡ ቁጭ ብሎ ለመብላት የሚበቃና በዚያ ላይ ሳይነካ የሚመለስ ትርፍ ያለው ይሁን። ነፋስና ዝናብ የሚከላከል የላይ ልብስ፣ አንድ ተጨማሪ ሙቅ ልብስ፣ ቁስል ማሰሪያ፣ ፊሽካ፣ ኮፍያና በግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ከመለዋወጫ ባትሪው ጋር ሰማዩ ምንም ያህል ቢጠራ አይቀሩም። መብራቱ ማታ ለመሄድ ባናስብም የሚያዝ ነው፤ ሁለቱ የመጠባበቂያ ሰዓታት ሲያልቁ ሥራ የሚጀምረው እርሱ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርም በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ያህል ስለሚበረታ ቀዝቃዛ ነፋስ ባለበት ቀን ቆዳ ሳይታወቅ ይቃጠላል።

ከመነሣታችን በፊት እቤት ለሚቀር አንድ ሰው የምንተወው መልእክት የዕቅዱ አካል ነው። «ነገ ተራራ እንሄዳለን» ማለት መልእክት አይደለም። የምንሄድበት መንገድ፣ የሰዎቹ ብዛት፣ መኪናው የሚቆምበት ቦታ፣ ግርጌ የምንደርስበት ሰዓትና ድምፃችን ካልተሰማ ለእርዳታ የሚደወልበት ሰዓት ከነስልክ ቁጥሩ ተጽፎ ይሰጠዋል። መንገዱን መሀል ላይ የቀየረ ቡድን ይህን መልእክት ዋጋ አሳጥቶታል፤ ፈላጊዎች የሚሄዱት በተጻፈው መንገድ ነውና። ስልክ በማይሠራበት ቦታ በአውሮፓ ተራሮች የተለመደው የጭንቅ ምልክት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ፊሽካ መንፋት ወይም መብራት ማብራት፣ አንድ ደቂቃ ማረፍና እንደገና መጀመር ነው፤ የሰማ ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይመልሳል። በሌሎች አገሮች ደግሞ ሦስት ጊዜ የሚደጋገም ምልክት ራሱ የጭንቅ ጥሪ ስለሆነ፣ በምትሄዱበት ቦታ የትኛው እንደሚሠራበት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ግርጌ ስትደርሱ ቀኑ አላለቀም፤ እቤት ለቀረው ሰው ተመልሰናል ብሎ መንገር ይቀራል። ይህ የተረሳ እንደሆነ ሰዎች በሌሊት በከንቱ ፍለጋ ሊወጡ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ፣ ጫማችሁን እንዳወለቃችሁ፣ በዕቅዱ ወረቀት ላይ ከታሰበው ሰዓት ጎን የሆነውን ሰዓት ጻፉ፦ ግማሽ መንገድ የደረሳችሁበትን፣ ጫፉን የያዛችሁበትንና የለቀቃችሁበትን፣ ግርጌ የገባችሁበትን። የሆነውን ጊዜ ኔይስሚዝ ለሚሰጠው ስታካፍሉት የራሳችሁ ቡድን ማባዣ ይገኛል፤ ለአንዱ አንድ ከሩብ፣ ለሌላው ሁለት ይሆናል፣ መውጫውና መውረጃውም የየራሳቸው ሊኖራቸው ይችላል። ለሚቀጥለው ኮረብታ የኋሊት ስሌቱን ስትሠሩ፣ እኔ ዛሬ በግምት የሰጠኋችሁን አንድ ተኩል ትታችሁ በዚያ ቁጥር ተጠቀሙ።